ስለ መንጋጋ ቆልፍና ስለ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትባት

ሕፃኑ በደኅና ተወልዶ ሁለት ሦስት ቀን ጡት ከጠባ በኋላ በድንገት አፉ ይገጥማል፤ መጥባት ይሳነዋል፤ ሰውነቱም በትንሽ ድምፅ እየደነገጠ እንደ ቀስት ይለጠጣል። በብዙ አገር ይህ የክፉ መንፈስ ሥራ ይባል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ጀርም ነው፤ እትብት ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም ቁስሉ እበት ሲቀባ ወደ ሰውነት ይገባል።

ጃፓናዊው ሊቅ ኪታሳቶ ይህን ጀርም በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን ለይቶ አሳደገው። በ1920ዎቹም ፈረንሳዊው ራሞን የጀርሙን መርዝ በፎርማሊን አድክሞ ለክትባት የሚሆን አደረገው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ ክትባት ተጠብቀዋል። ለወታደር የተገኘው ጥበቃ ለአራስ ልጅ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት አለፈ።

ሕፃኑን ራሱን መከተብ ለዚህ አይጠቅምም፤ ክትባት ኃይል እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈጃል፤ በሽታው ግን ፈጥኖ ይገድላል። ስለዚህ መከተብ ያለባት እናቲቱ ናት፤ በደሟ የሚፈጠረው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋልና። ስኮፊልድና ባልደረቦቹ በኒው ጊኒ ነፍሰ ጡሮችን ከትበው በ1961 እንዳሳተሙት፣ አንድ መርፌ ብቻ የወሰዱት እናቶች ልጆች አልተጠበቁም፤ ሁለትና ሦስት የወሰዱት ልጆች ግን በብዛት ድነዋል።

ማስረጃው ተገኝቶ ሳለ ሥራው ስለ ምን ዘገየ? አንዱ ትልቅ ምክንያት ሟቾቹ አለመቆጠራቸው ነው። በቤት ተወልዶ በቤት የሞተ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት ሕፃን በማንም መዝገብ አይገባም፤ ሐኪም ቤትም የሚያየው ከብዙ ጥቂቱን ነው። በየቤቱ እየዞሩ እናቶችን መጠየቅ ከተጀመረ በኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 ብቻ 787,000 ያህል ጨቅላዎች በዚህ በሽታ እንደ ሞቱ ገመተ። በማግሥቱ ዓመት ጉባኤው በሽታው እስከ 1995 እንዲወገድ ወሰነ፤ ቀጠሮው ግን አልተፈጸመም።

በኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀመረ። አብዛኞቹ እናቶች ከጤና ጣቢያ ርቀው ይኖሩ ስለ ነበር ክትባቱ ራሱ ወደ መንደር መሄድ ነበረበት። ከ2003 ወዲህ ይህን ከፈጸሙት መካከል ዐሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ማለትም ትናንት የመምህራን ተማሪዎች የነበሩ ልጃገረዶች ይገኛሉ። ኡጋንዳ በ2011፣ ኢትዮጵያ በ2017 በሽታውን እንዳስወገዱ ተመሰከረላቸው። ማስወገድ ማለት ግን በያንዳንዱ ወረዳ በሕይወት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት የሚታመመው ከአንድ በታች ሆነ ማለት ነው እንጂ ጀርሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጀርሙ ዛሬም በአፈር ውስጥ አለ፤ በእናቷ ክትባት የዳነች ልጅም አድጋ ስታረግዝ የእናቷ መርፌ ለእርሷ ፅንስ አይደርስለትም።