ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ወርደን ወደ ደጀን ስንወጣ ከፊታችን ጭነት የከበደው መኪና ካለ፣ አለቀልን! ሚኒባሶች እየተሽለኮለኩ ፊቱ ሲገቡበት ጭራሽ ይቆማል። ከኋላ አምቡላንስ ቢጮህስ? መንገዱን የያዘው ካልተንቀሳቀሰ ጩኸት አያሳልፍም።

ኮምፒውተርም ይኼው በሽታ አለበት ብንላችሁስ?

ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር ጁላይ 4 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.) ማርስ ላይ አረፈች። ብዙም ሳትቆይ ኮምፒውተሯ በራሱ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። መሐንዲሶች ችግሩን እዚሁ ምድር ላይ በመንትያዋ ደግመው አዩት። አንድ ተራ የአየር ሁኔታ ሥራ የጋራውን ቁልፍ ይዟል፤ መካከለኞቹ ሥራዎች ይቀድሙታል፤ አጣዳፊው ደግሞ ቁልፉን ይጠብቃል። መድኃኒቱ ምን ሆነ? ቁልፍ የያዘው ለጊዜው የአጣዳፊውን ቅድሚያ እንዲወርስ ማድረግ። ተዘግታ የቆየች አንዲት ምርጫ ከምድር በተላከ ትእዛዝ ተከፈተች።

ፓዝፋይንደር የሠራችው በሊነክስ አልነበረም። ሊነክስ ግን ሮቦትና የፋብሪካ ማሽን ሊያዝበት ሲታሰብ ያው ጣጣ ጠበቀው። እዚያ ቤት ትክክለኛ መልስ ከዘገየ ስህተት ነው። ኢንጎ ሞልናር በ2004 ጀመረው፤ ቶማስ ግላይክስነርና ሌሎችም ገቡበት። በነሱ አሠራር ቁልፍ የሚጠብቅ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ ቁልፍ የያዘውም ቅድሚያ ይወርሳል።

ፈተናው ድራይቨሮቹ ላይ ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግሩት ፕሮግራሞች። ብዙዎቹ «እዚህ ማንም አይተኛም» ተብለው የተጻፉ ናቸው። መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ የሚያስተኛ ጥሪ ከተገኘ ሥርዓቱ ይታወካል። ጥፋቱን ለማደን በ2006 የቁልፎችን ቅደም ተከተል የሚከታተለው ሎክዴፕ፣ በ2008 ደግሞ ማን ማንን ስንት ማይክሮሰከንድ እንዳስጠበቀ የሚመዘግበው ኤፍትሬስ ሊነክስ ውስጥ ገቡ። ሥራው ራሱ ተጠናቆ ወደ ዋናው ሊነክስ የገባው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ሃያ ዓመት!

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ነንና ከኮዱ ይልቅ ጥያቄው ማረከን። ማን ያዘ? ማን ይጠብቃል? ከመቼ ጀምሮ? ሦስቱም የሪፖርተር ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ግን በረሃው ላይ ስንቆም የሚቀናን ሾፌሩን መራገም ነው። ፊቱ የገቡትን ሚኒባሶች ማን ይቁጠር? አምቡላንሱ እንዲያልፍ መጀመሪያ መንገድ የሚያስፈልገው ለከባዱ መኪና ነው።