«ፍረስትሬሽን» በማግኔት ጥናት፤ የስያሜው ታሪክና የአማርኛ አቻው

«ፍረስትሬሽን» በማግኔት ጥናት ስያሜ ሆኖ የጸናው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዤራር ቱሉዝ እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝኛ ካሳተመው ጽሑፍ ወዲህ ነው። የሚሰየመው ነገር ግን ከስያሜው በዕድሜ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1950 ግሪጎሪ ዋኒየር በሦስት ማዕዘን ድርድር ላይ የተቀመጡ አቶሞችን ማግኔትነት አሰላ። እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ይመለከታል፤ ጎረቤታሞች ሁሉ እርስ በርስ መቃረን ይሻሉ። ድርድሩ አራት ማዕዘን ቢሆን አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያፈራረቁ መሄድ ይቻላል፤ ሙቀቱ ሲቀንስም ውሃ በረዶ እንደሚሆን ሁሉ ስብስቡ በታወቀ ሙቀት ላይ ወደ ሥርዓት ይሻገራል። በሦስት ማዕዘን ላይ ግን ሁለቱ ከተቃረኑ ሦስተኛው ከአንዳቸው ጋር መመሳሰሉ ግድ ነው፤ ሊኖሩ ከሚችሉት ስምንት አሰላለፎች ስድስቱ እኩል ዝቅተኛ ኢነርጂ አላቸው። ስለዚህ ሽግግሩ አይመጣም። ሙቀቱ ወደ ፍጹም ዜሮ ቢወርድ እንኳ ኢንትሮፒ ይቀራል፤ መጠኑም፣ ዋኒየር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው እርማት መሠረት፣ ለአንድ አቶም የቦልትዝማን ቋሚ 0.323 እጅ ነው። ፍጹም ሥርዓት አልባ የሆነው ስብስብ ያለው 0.693 ነውና ከግማሹ ጥቂት ብቻ ያንሳል።

ይህን በአማርኛ ምን እንበለው? «ብስጭት»ና «ተስፋ መቁረጥ» ከሥነ ልቦና የተወሰዱ ናቸው። አቶም አይበሳጭም የሚለው ተቃውሞ ቀላሉ ነው፤ በዘይቤ የማይሰይም ሳይንስ የለምና። ከባዱ ስሕተት «ተስፋ መቁረጥ» ፍላጎቱ የጠፋ ማስመሰሉ ነው። እዚህ ፍላጎቱ እንዳለ ነው፤ የማይቻለው የሁሉም ባንድነት መሟላት ነው። «ቅራኔ» የተሻለ ይመስላል፤ ሆኖም መቃረን ጎረቤታሞቹ የሚሹት ነገር ስለ ሆነ ስሙን ለጉድለቱ መስጠት አንባቢን ያምታታል።

መንገዱን የሚያሳየው ፈረንሳይኛው ነው። ግሱ በሕግ ቋንቋ ወራሽን ከሚገባው ድርሻ ማስቀረት ማለት ነው። የእኛም «ቅሬታ» ከ«ቀረ» የወጣ ሲሆን ትራፊንም፣ ድርሻው የጎደለበትን ሰው ስሜትም ይይዛል። እንግዲህ «ቅሬታ» ብንል የዋኒየር ትራፊ «ቀሪ ኢንትሮፒ» ይባልና ሁለቱ ስያሜዎች ባንድ ሥር ይገናኛሉ፤ ይህን ዝምድና እንግሊዝኛው እንኳ የለውም። ቃሉ አቤቱታ ሰሚ ቢሮን ማስታወሱ አይካድም፤ ግን «የጂኦሜትሪ ቅሬታ» ሲባል የሚሳሳት አንባቢ ጥቂት ይመስለኛል።

መፈተኛ ይሆን ዘንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ማግኔቶቹ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንደ ልብ መዞር ቢችሉ ሦስቱ በ120 ዲግሪ ተለያይተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድም ከሙሉ መቃረን ሊያገኝ ይችል የነበረውን ግማሽ ያገኛል። «ቅሬታው ለሦስቱ እኩል ተከፋፈለ» ቢባል ነገሩ ተነግሯል፤ በ«ብስጭት» ቢተካ ትርጉም አይሰጥም።