የአየር ላይ ድል ቆጠራ (የኦጋዴን ጦርነት)

ተዋጊ አብራሪዎች መትተን ጣልን የሚሉት የጠላት አውሮፕላን ብዛትና የተዓማኒነቱ ጥያቄ። በኢትዮጵያ ጥያቄው በይበልጥ የሚነሣው በ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ነው። ያኔ ከቢሾፍቱ አየር ኃይል የወጡ ኤፍ-5ኢ ጄቶች የሶማሊያን ሚግ-17ና ሚግ-21 ገጥመው ሰማዩን ተቆጣጥረዋል። ከጀግኖቹ ሁሉ ስሙ ገኖ የሚነገረው ለገሠ ተፈራ ነው። ብዙ ጊዜ 6 ድል ይቆጠርለታል። እሱም ተመትቶ ወድቆ 11 ዓመት በሶማሊያ ታስሯል።

ቁጥሩ ግን ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ይህን ማለት የአብራሪን ቃል ማጠልሸት አይደለም። ፍልሚያው በሰከንዶች ያልቃል፤ ሞተሩን ከፍቶ የሚሸሽ ጄት የሚተፋው ጥቁር ጭስ የተመታ ያስመስለዋል፤ ሁለት አብራሪዎችም አንዱን ዒላማ ለየራሳቸው ሊቆጥሩት ይችላሉ። ለምሳሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1940፣ እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው ነበር፤ በኋላ የጀርመን መዝገብ ሲታይ 60 ገደማ ሆነ። በዚያው ጦርነት የሶቪየት አብራሪዎችም ለሚጥሉት አውሮፕላን የገንዘብ ሽልማት ነበራቸው፤ ይህም ቁጥሩን ሊያሳድግ ስለሚችል የነኢቫን ኮዤዱብ (62 ድል) ቁጥር ዛሬም ከጀርመን መዝገብ ጋር ይነጻጸራል።

ለኦጋዴን ይህ ማነጻጸሪያ ጎድሏል። የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የዚያን ወገን ሰነድ ማገላበጥ አዳጋች ነው። በጦርነቱ የበረሩ፣ ራዳር የተከታተሉ፣ ጄት ያስታጠቁ ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ ሁሉ የበረራ መዝገብና ማስታወሻ ካለው ሳይጠፋ ለታሪክ ያስቀምጥ።