የኤሌክትሪክ ታሪፍና የታዳሽ ኃይል ልማት በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የታዳሽ ኃይል ልማት የሚወሰነው በወንዝ፣ በነፋስና በፀሐይ ሀብት ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ዋጋ፣ በሕግና በውጭ ምንዛሬ አቅርቦትም ነው። አገሪቱ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ያም ሆኖ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አያገኝም። ማመንጫ የሚሠራው በአመዛኙ በውጭ ምንዛሬ፣ ሒሳብ የሚሰበሰበው ግን በብር መሆኑ የዘርፉ ዋነኛ ችግር ነው።

የዘርፉ አወቃቀር

የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኞች ያከፋፍላል፣ ሒሳብም ይሰበስባል። ሁለቱም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። የግል ድርጅት ኃይል አመንጭቶ ለዋናው መረብ ቢሸጥ ገዢው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለዚህ አበዳሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚመረምሩት የዚህን ገዢ የመክፈል አቅም ነው።

ታሪፍ

ታሪፉ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ለ12 ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆየ። በዚሁ ጊዜ የኑሮ ውድነቱና የዶላር ዋጋ ስለጨመሩ፣ ገቢው ወጪንና ዕዳን መሸፈን አልቻለም። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ በየደረጃው እንዲያድግ ሲወሰን፣ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በቀድሞው 27 ሳንቲም ገደማ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ጭማሪ ተጀመረ። ዝቅተኛ ታሪፍ ድሃውን ተጠቃሚ ይደግፋል፤ ነገር ግን ገና መብራት ላልደረሰው ሰው መስመር ለመዘርጋት የሚውለውን ገንዘብ ይቀንሳል።

የግል አልሚዎችና የውጭ ምንዛሬ

የአሸጎዳ (120 ሜጋዋት) እና የአዳማ ሁለት (153 ሜጋዋት) የነፋስ ማመንጫዎች መንግሥት በውጭ ብድር ያስገነባቸው ናቸው። ዕዳ እየከበደ ሲሄድ ግን የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 እና የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ለግል አልሚዎች መንገድ ከፈቱ።

በ2012 ዓ.ም. የሳዑዲው አክዋ ፓወር በጋድና በዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሆኑ የፀሐይ ማመንጫዎችን ለመገንባት ተመረጠ። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በጊዜው አንድ ዶላር 30 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 75 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ዋጋ ከ2 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ ሆነ። ዋጋው በዶላር ከተተመነ የምንዛሬውን ኪሳራ የሚሸከመው ገዢው ነው፤ በብር ከተተመነ ደግሞ አልሚው። ማመንጫዎቹ ከምርጫው በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ግንባታ አልገቡም።

ለጎረቤት አገሮች የሚሸጥ ኃይል

ኢትዮጵያ ለጂቡቲና ለሱዳን ኃይል ስትሸጥ ቆይታ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለኬንያ መሸጥ ጀምራለች። የኬንያው ውል ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህ ሽያጭ በቀጥታ የውጭ ምንዛሬ ስለሚያስገባ የዘርፉን ጉድለት በከፊል ያቃልላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለሽያጭ የሚቀርበውን ኃይል ከፍ አድርጎታል። ይሁንና ኃይሉ ወደ ገጠር ቤቶች እንዲደርስ የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መስመር ያስፈልጋል፤ የዚህም ወጪ ተመልሶ የታሪፍ ጥያቄ ያስነሳል።