ከወደቀበት እስከ በሩ፦ የአምቡላንስ ሠራተኛ በቴሌቪዥን ድራማ

በአማርኛ ተከታታይ ድራማ ሰው ሲጎዳ ታሪኩ የሚቀጥልበት ስፍራ የታወቀ ነው፤ የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ቤተ ዘመድ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል፤ በሩ ይከፈታል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ብቅ ብሎ በሽተኛው መትረፉን ወይም ማረፉን በሁለት ቃል ይናገራል። ተጎጂው ከወደቀበት ተነሥቶ እስከዚያ በር ድረስ በማን እጅ እንደ ደረሰና በመንገድ ላይ ምን እንደ ተደረገለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። አምቡላንስ ቢታይም የሚታየው መብራቱና ጩኸቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ሠራተኛ ስም እንኳ አይኖረውም።

ይህ ጉድለት የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከወራት በኋላም የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በቦምብ ደበደቡ። በዚያ ዘመን አምቡላንስ ሲባል ድንኳኑም፣ መኪናውም፣ ሐኪሙም፣ አስታማሚውም በአንድነት ይጠሩበት ነበር። ቃሉ ኋላ እየጠበበ ሄዶ ለተሽከርካሪው ብቻ ቀረ። ምናልባት ሰውየው የተረሳው ከዚያ ጀምሮ ይሆናል።

በአሜሪካ ግን ድራማው ሙያውን ቀድሞ አስተዋወቀ ለማለት ይቻላል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሕግ የሠለጠኑ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሐኪም በሬዲዮ እያዘዛቸው በሽተኛውን ባለበት ስፍራ እንዲያክሙ ፈቀደ። «ኢመርጀንሲ» የተባለው ድራማ በጥር 1972 መታየት ሲጀምር ዋና ገጸ ባሕርያቱ በሎስ አንጀለስ አንድ ጣቢያ የሚያገለግሉ ሁለት እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ሆኑ። የበሽተኛውን ሁኔታ በሬዲዮ ያስረዳሉ፤ ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ጉልኮስ ይተክላሉ። አገልግሎቱ በዚያን ጊዜ ከጥቂት ከተሞች በቀር አልነበረም። ድራማው እስከ 1977 ሲታይ የኖረ ሲሆን፣ ተመልካቹ በየከተማው ይኸው አገልግሎት እንዲቋቋምለት በመጠየቁ ለሙያው መስፋፋት ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ይነገርለታል።

ይኸው ምስል ግን ሌላ ችግር አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ልባቸው ቆሞ ደረታቸውን በመጫን እርዳታ የተደረገላቸውን 60 ሰዎች ቆጥሮ 75 በመቶ የሚሆኑት ወዲያው ሲነቁ አገኘ። በእውነተኛው ዓለም ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከቆመባቸው ሰዎች በሕይወት የሚተርፉት በአሜሪካ እንኳ 10 በመቶ ያህል ናቸው። በስክሪን ላይ ሁሉም ሲድን ያየ ቤተሰብ የራሱ ሰው ሲሞትበት ጥፋቱን በአጠገቡ በቆመው ሠራተኛ ላይ ቢጥል አያስደንቅም።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረባት ኢትዮጵያ የሙያው እድገት የታየው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው «ጠብታ» አምቡላንስን ያቋቋሙት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በእነዚሁ ዓመታት መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍል የገጠሩ ሕዝብ መኪናውን ያወቀው ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሲያደርስ ነው።

ድራማው የዘለለውን መንገድ ለማየት በምዕራብ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ መሄድ ይበቃል። ቁልቁለቱና ዳገቱ፣ የጠበበው የውስጥ መንገድ፣ ቁጥር የሌለው በር፣ ይህ ሁሉ ለሾፌሩ ፈተና ነው። አድራሻው «ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ» ይባላል፤ ከቤተሰቡ አንዱ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ይጠብቃል። ብዙው ሰው ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ በሽተኛውን በብርድ ልብስ ተሸክሞ ታክሲ ያስቆማል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም ከድንገተኛ ሕሙማን አብዛኞቹ የሚደርሱት በአምቡላንስ ሳይሆን በታክሲና በሌላ መኪና መሆኑን አሳይተዋል። የተሰበረ አጥንት ሳይታሰር፣ አንገት ሳይደገፍ መንገዱ ያልቃል። አንድ ድራማ ይህን አንድ ጊዜ በትክክል ቢያሳይ የስንት ሰው አከርካሪ ይተርፍ ነበር!

በዚሁ ክፍለ ከተማ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት «ቆሼ» በሚባለው ስፍራ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲከመር የኖረው ቆሻሻ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቴሌቪዥን ያሳየው ቁፋሮውን፣ ኤክስካቫተሩንና የሚያለቅሰውን ሕዝብ ነው። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው፣ ኋላም የአደጋ ሕክምና የተጨመረለት የአለርት ሆስፒታል ከዚያ ሩቅ አይደለም። የቀረበ ሆስፒታል፣ የተዘጋጀ መኪና፣ የሠለጠነ እጅ ቢኖርም ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ከክምሩ ሥር የሚወጣው አስከሬን ነበር። ለድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ከዚህ የከበደ ሥራ የለም፤ ቃሬዛውን ዘርግቶ፣ ኦክስጅኑን አዘጋጅቶ፣ የሚያክመው ሕያው ሰው እስኪወጣ ቆሞ መጠበቅ። ይህን የሚያሳይ ትዕይንት ሙዚቃም ሆነ ጩኸት አያስፈልገውም፤ ሠራተኛው ጓንቱን እንዳጠለቀ የሚቆይበት አንድ ረጅም ሌሊት ይበቃዋል።