ከኅዳር ጽዮን እስከ ጥምቀት

የቀድሞው መንገደኛ፣ ነጋዴም ይሁን ተሳላሚ፣ ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት አስቀድሞ የሚያማክረው ዘመኑን ነበር፤ ይኸውም ወንዙ የሚጐድልበትን፣ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማ የሚሞላበትን፣ የቈላው ንዳድ የሚበርድበትንና በታላላቆቹ አድባራት ንግሥ የሚሆንበትን ቀን አንድ ላይ አስተያይቶ፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደብተራ በአጠገቡ ቢኖር ደግሞ እርሱን ጠይቆ፣ ጕዞውን ይቈርጥ ነበር። የርቀቱ ነገር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ክረምት ብላ የምትቈጥረው ወራት ለመንገደኛም የዝግ ወራት ነበረ፤ ዓባይና ተከዜ ሞልተው አገርን ከአገር ይለያሉና። ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ጽጌ ምድር በአደይ አበባ የምታጌጥበት ወቅት ቢሆንም፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ በቈላው ሸለቆ ወባ የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ልባም ሰው ውበቱን ከደጋው ሆኖ እያየ ኅዳርን ይጠብቅ ነበር። በኅዳር ግን ወንዙን ይሻገሩታል፣ ለአጋሰሱ ሣር አይጠፋም፣ መሽቶበት የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ለሚቆመውም ባለቤቱ የሚሰጠው አያጣም።

የበዓላቱም ሥርዓት ከዚህ ወቅት ጋር እጅግ የተስማማ ነው። ኅዳር 21 ቀን ጽዮን በአክሱም ትነግሣለች፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት በላሊበላ ይከበራል፤ ጥር 11 ቀን ደግሞ ጎንደር በፋሲል መጠመቂያ ጥምቀትን ታከብራለች። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 38 ቀን፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው 12 ቀን መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ይህን መቍጠሪያ ያዘጋጁት አበው የበቅሎን እርምጃ ጭምር ሳያውቁ አልቀሩም ለማለት ይዳዳዋል፤ ነገሩ ግጥምጥሞሽ መሆኑን ባውቅም እኔም ይዳዳኛል። በ38ቱ ቀን ውስጥ ሰንበትን ዐርፎ፣ ወንድ ከሆነ ደግሞ ደብረ ዳሞን በገመድ ወጥቶ ተሳልሞ፣ ላስታ ለመግባት ጊዜው ይበቃል። በ12ቱ ግን በጋይንትና በደብረ ታቦር በኩል ጎንደር ለመድረስ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል።

ከአክሱም እስከ ላሊበላ ያለው ጕዞ ሙሉ በሙሉ በጾመ ነቢያት ውስጥ የሚውል በመሆኑ፣ የተሳላሚው ስንቅም ይህንኑ የተከተለ ነበር፤ በቅቤ የሚታሸው ጭኮ ይቀርና ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በውሃ የሚበጠበጥ በሶ በአገልግልና በስልቻ ይያዛል። ሲራራ ነጋዴውም ቢሆን በነጋድራሱ እየተመራ ከማለዳ እስከ ቀትር ግድም ተጕዞ፣ ከብቱ እንዲግጥ ገና በቀን ይሰፍራል። ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ቢኖር እንስሳው ሳይጐዳበት አይቀርም።

የባዕድ አገር ሰዎችም ለዚህ እርምጃ መገዛት ነበረባቸው። የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም ሚያዝያ ምጽዋ ወርዶ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ያገኘው በ1513 ዓ.ም ጥቅምት ነው፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍም አንባቢዎቹ እንዳያምኑት ሰግቶ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም መስከረም ምጽዋ ደርሶ ጎንደር የገባው በየካቲት ሲሆን፣ ከመንገዱ መካከል የሊማሊሞ አቀበትና የቀረጥ ኬላው ነበሩበት። በንጉሥ ትእዛዝ ለሚጓዝ እንግዳ በየደረሰበት ድርጎ ይቈረጥለት ነበር፤ እንግዶቹ በመጽሐፋቸው ይህን ደግነት ብለው ቢያመሰግኑትም፣ እንጀራውንና በጉን ለሚያቀርበው ባላገር ግን ዕዳ ነበር።

ባቡር ሲመጣ እንኳ በቀን ተጕዞ ማታ የማደር ልማድ ወዲያው አልጠፋም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደርሶ፣ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በቀን ብቻ ስለሚሄዱ 784ቱን ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን ይጨርሱት ነበር፤ መንገደኛውም ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር፤ ሐረርን ለማየት የፈለገም ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው መውጣት ይችል ነበር።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም የቱሪስት ድርጅቱን የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መጠሪያ አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአየር የተያያዙ አንድ መንገድ ሆኑ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ያለ እርሱ ላሊበላን ያየ የውጭ ሰው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ነገር ግን መንገዱ የሰሜኑን ታሪክ ሲያጐላ ደቡቡንና ምዕራቡን ለብዙ ዘመን ከጐብኚው ዓይን አርቋል፤ በሰሜንም ቢሆን ያሳየው ከተሞቹን እንጂ በመካከላቸው ያለውን አገር አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ጊዜ ኖሮት ይህን ዙር የሚያሰናዳ ሰው ሌላውን በአየር ቢያደርገው እንኳ፣ ከአክሱም እስከ ጎንደር ያለውን ለምድር ይተወው። በሽሬ በኩል ወደ ተከዜ ቈላ ወርዶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ወገብ በቈረጡት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ ብርድ ሲወጣ፣ ማሽላው በጤፍ፣ ጤፉም በገብስ ሲተካ በአንድ ቀን ያያል፤ ደባርቅ ቢያድር ደግሞ ሰሜን ተራሮች በማግሥቱ ከፊቱ ናቸው።