የኮራል አኳሪየም የማጣሪያና የቧንቧ ሥራ አጭር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ኮራል በመኖሪያ ቤት ውስጥ፥ በመስተዋት ገንዳ ሊኖር የቻለው በምን ዓይነት የማጣሪያና የቧንቧ ሥራ እንደ ሆነ፥ ይህም ሥራ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እየተሻሻለ እንደ መጣ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ኮራል ለተመልካች አበባ ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ገንዳውን የሚጎበኝ ሰው የሚያደንቀው ቀለሙን ነው እንጂ ከገንዳው በታች ተሰውሮ ሌሊትና ቀን የሚሠራውን አይመለከትም። እኛ ግን የታሪኩ ፍሬ ነገር ከዚያ ከማይታየው ክፍል ይገኛል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ዓሣ ከሚጥለው እዳሪና ሳይበላ ከሚቀረው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በባሕር ውስጥ ይህ መርዝ በውኃው ብዛት ይሳሳል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ከ1890 ጀምሮ ባሳተማቸው ጥናቶች እንዳስረዳው፥ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚያርፉበት ቦታና የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ ማጣሪያ ስንል ቆሻሻን የሚይዝ ወንፊት ማለት ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ደቂቅ ፍጥረታት ማደሪያ ማለትም ነው።

ይሁን እንጂ ሳይንሱ ሳይታወቅ ሥራው ተጀምሮ ነበር። አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት በ1846 ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ ትንንሽ ኮራሎች ሰብስባ ወደ ለንደን ወሰደች። ውኃው እንዳይበላሽ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግማ ትገለብጥ ነበር። በዚህ መንገድ ውኃው ከአየር ጋር እየተቀላቀለ ኦክሲጅን ያገኝ ነበር። እነዚህ ኮራሎች የቀዝቃዛ ባሕር እንጂ የሞቃት አገር ኮራሎች ባይሆኑም፥ በቤት ውስጥ ኮራልን ያኖረ የመጀመሪያው ፓምፕ የሰው ክንድ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም። ቆይታም የባሕር ሣር ስለ ጨመረችበት ድካሙ ቀለለ።

የእንግሊዙ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ዓሣ፥ የውኃ ሣርና ቀንድ አውጣ በአንድነት ቢኖሩ እርስ በርሳቸው ተረዳድተው ውኃውን እንደሚጠብቁ ገለጸ። በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ ለሕዝብ የሚታይ አኳሪየም ተከፈተ፤ በ1854ም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም መጽሐፍ አሳተመና ነገሩ በብዙ ቤቶች ተስፋፋ። ነገር ግን የብዙዎቹ ገንዳዎች ዕድሜ አጭር ነበር። ሚዛኑ እውነት ቢሆንም፥ በጠባብ ገንዳ ውስጥ አንድ እንስሳ ሞቶ ሳይታይ ቢቀር ሁሉን ያጠፋ ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካገኙት ዋነኛው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። በ1871 በለንደን አጠገብ በክሪስታል ፓላስ በተከፈተው አኳሪየም፥ ሕዝብ ከሚያያቸው ገንዳዎች በታች በጨለማ ውስጥ ትልቅ የውኃ ማከማቻ አሠራ። ውኃው ከማከማቻው በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል፤ ገንዳዎቹንም አልፎ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ዓይነት በላይ የሚኖሩት እንስሳት በዐይን ከሚታየው እጅግ የሚበልጥ ውኃ ተካፋዮች ሆኑ። አንቶን ዶርን በናፖሊ የመሠረተው የባሕር ጥናት ጣቢያም አኳሪየሙን በ1874 ለሕዝብ ሲከፍት የሎይድን ምክርና አሠራር ተከትሎ ነበር። ዛሬ በቤት አኳሪየም ሥር የሚቀመጠው የታች ገንዳ የዚህ የሎይድ ማከማቻ ልጅ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ወደ ሌላ ዘዴ አዘነበሉ። ከጠጠር በታች ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ይነጠፋል፤ በቀጭን ቧንቧ የሚገባው የአየር አረፋ ውኃውን ወደ ላይ ሲስበው፥ የገንዳው ውኃ በጠጠሩ መካከል እየሰረገ ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹም በጠጠሩ ላይ ይኖራሉ። ይህ ዘዴ ርካሽ በመሆኑ ብዙ ዓሣ አድኖአል፤ ዳሩ ግን ቆሻሻው በጠጠሩ ሥር እየተከማቸ ናይትሬቱ ስለሚበዛ ለኮራል አልተመቸም። በዚያው ዘመን በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ከዚህ የተለየ መንገድ አሳየ። ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ፥ የፀሐይ ብርሃንና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ በቂ መሆናቸውን ገለጸ። ብዙ ሰዎች ግን ለጊዜው ምክሩን አልተከተሉትም።

በ1986 ጆርጅ ስሚት በአንድ የአሜሪካ የአኳሪየም መጽሔት በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች በቤት ውስጥ የሚተከል ትንሽ የኮራል ገንዳ እንዴት እንደሚሠራ ለአሜሪካ አንባብያን አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ውኃው ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሣጥን ውስጥ በተከመሩ የፕላስቲክ ኳሶች ላይ እየተንጠባጠበ ያልፋል፤ ከዚያም በፓምፕ ይመለሳል። ኳሶቹ አየር ስለሚያገኙ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ፈጥነው ይለውጡታል። ጉድለቱ ግን እዚያው ላይ ነበር፤ ሥራው በናይትሬት ላይ ይቆምና ናይትሬቱ ከውኃው አይወጣም።

ይህን የፈታው በጀርመን አገር የዳበረውና በበርሊን ከተማ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው። ከአስተማሪዎቹ መካከል ዲትሪክ ስቱበርና በ1973 መጽሐፍ ያሳተመው ፔተር ቪልከንስ ይገኛሉ። በዚህ ዘዴ ዋናው ማጣሪያ ሕያው ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ገጽ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክሲጅን በማይደርስበት በውስጠኛው ቀዳዳ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሰዱታል። የአረፋ ማጣሪያ የሚባለው መሣሪያም ደቃቅ አረፋ እየነፋ፥ ቆሻሻው ሳይበሰብስ በአረፋው ተሸክሞ እንዲወጣ ያደርጋል። ዴልቤክና ስፕሩንግ በ1994 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ትምህርት በእንግሊዝኛ አስፋፋው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች የፕላስቲኩን ኳስ አውጥተው ሲጥሉ ሣጥኑን ግን አልጣሉም። የአረፋ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አኖሩበት። ማጽዳቱን ድንጋዩ ስለ ተረከበ፥ የቧንቧው ሥራ ውኃን ማዘዋወርና ቤቱን ከጎርፍ መጠበቅ ሆነ። ስለዚህ አሮጌውን አኳሪየም ለማሻሻል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ምን መሣሪያ ልግዛ ብሎ ሳይሆን፥ ድንጋዩ የሚሠራው የቱን ነው፥ ለቧንቧው የሚቀረውስ የቱ ነው ብሎ ነው።

የቧንቧው ኃላፊነት ቀላል አይደለም። መብራት ቢጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የላይኛው ገንዳ ውኃ ግን እስከ መፍሰሻው አፍ ድረስ መውረዱን አይተውም። ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ገንዳ ውኃው 4 ሳንቲሜትር ቢወርድ 29 ሊትር ያህል ወደ ታች ይመጣል፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ የነበረውም ይጨመርበታል። የታች ገንዳው ለዚህ ባዶ ስፍራ ከሌለው ውኃው ወለል ላይ ይፈሳል። የመመለሻው ቧንቧ አፍም ከውኃው ገጽ እጅግ ዝቅ ብሎ ከተተከለ ውኃውን ወደ ኋላ ይስባል። ወደ ታች ለሚወርደው ውኃ ደግሞ አንድ ቧንቧ ብቻ መተማመኛ አይሆንም፤ አንድ ቀንድ አውጣ ሊደፍነው ይችላልና። ስለዚህ ጠንቃቆች ሦስት ይተክላሉ፤ አንደኛው አየር ሳይገባበት ሞልቶ በጸጥታ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ጥቂቱን ትራፊ ይቀበላል፤ ሦስተኛው ደረቅ ሆኖ ክፉ ቀንን ይጠብቃል። የቧንቧውም ዓይነት ፕላስቲክ መሆን አለበት። መዳብና ነሐስ በጨው ውኃ ይበላሉ፤ ለዓሣ በሽታ መድኃኒት የሆነው መዳብ ለኮራል መርዝ ነውና።

ማሻሻሉም ቀስ በቀስ መሆን ይገባዋል። የቀድሞውን ማጣሪያ በአንድ ቀን ነቅሎ የጣለ ሰው ባክቴሪያዎቹን አብሮ ይጥላል፤ አሞኒያው ከፍ ይልና እንስሳቱ ያልቃሉ። አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጎን ለጎን ለሳምንታት ከሠራ በኋላ አሮጌው ጥቂት በጥቂት ቢነሣ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው ወይ የሚል ጠያቂ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለገንዳ ተብሎ ብዙ ኮራልና ድንጋይ ከባሕር ተነቅሎአል። የባሕርም ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ በ1998 በብዙ ውቅያኖሶች ኮራሎች ነጥተው ሞተዋል፤ ይህም ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞአል። ስለዚህ ከባሕር እየነቀለ የሚገድል ገንዳ ጥፋት ነው። የሚያኖርና የሚያራባ ገንዳ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በቤት የሚያኖሩ ሰዎች የኮራልን ቅርንጫፍ እየቆረጡ ማባዛትና መለዋወጥ አስፋፉ። በለንደን ሆርኒማን ሙዚየምም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ ከባሕር ጋር ባልተገናኘ ገንዳ ውስጥ የዓመቱን ሙቀት፥ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን ብርሃን በመሣሪያ አስመስለው ኮራሎች እንቁላል እንዲጥሉ አደረጉ፤ አሠራሩንም በ2017 አሳተሙ።

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የምንረዳው፥ ከ1846 ጀምሮ ያለው ድካም አንድ መንገድ የተከተለ መሆኑን ነው። ሰው በባሕር ፈንታ ሁሉን ራሱ ሊሠራ በሞከረ ጊዜ መሣሪያው በዛ፥ እንስሳውም ሞተ። ለድንጋዩና ለባክቴሪያው የሚገባቸውን ሥራ በተወላቸው ጊዜ ግን ኮራሉ አደገ። ለሰውም የቀረለት ውኃውን ሳያቋርጥ ማዘዋወርና መጠበቅ ነው። ይህ ሥራ በገንዳው በር ከተዘጋ ለማንም አይታይም፤ አንድ ሌሊት ቢቋረጥ ግን ማለዳ ለሁሉም ይታያል።